ከመድፉ በፊት ያለው ዝምታ

ደምያጥ፣ ግብፅ፣ ረመዳን 5 ቀን 1419 ሂጅራ

ለምወድህ ልጄ ለሹክሪ፣

አላህ በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ጾምህን ይቀበልህ፤ ከምቀኛ ባልደረባ ይሰውርህ። እኛ ምስጋና ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። የረመዳን መግቢያ ዕለት ዳክዬው እንደ ደንባችን በሽንኩርት ተሞልቶ ቀረበ። እህቴ ሐጃ ደውለትም የአንተን ድርሻ በሳህን አስቀርታ፣ ማታ ለጎረቤት ሰጠችልህ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከፊዚክስ መምህርነት ጡረታ ብወጣም ነገርን ከመጀመሪያው መጀመር አልተውኩም።

እንደምታውቀው የሐጃ ዓይን ከጥላ በቀር አይለይም፤ ጆሮዋም ደክሟል። ቢሆንም ዲሹን ጣሪያው ላይ ካስተከልን ወዲህ ቴሌቪዥናችን አንተ ለንደን ከምትሠራበት የዓረብኛ ጣቢያ ሌላ አያውቅም። የአጎታችን ልጅ የሆነችው እናትህ በአራስነቷ ስትሞት ተቀብላ ያሳደገችህ ሐጃ ናት። የጣቢያው ድምፅ በእጅህ አልፎ እንደሚመጣ ከነገርካት ጀምሮ ለእሷ ያ ሳጥን አንተ ነህ። የካይሮውን እንክፈት ስንላት፣ «ልጄ እያናገረኝ ፊቴን ላዙርበት?» ትለናለች።

ችግሩ እንዲህ ነው። ድራማው ላይ ሰዎቹ በሹክሹክታ ስለሚያወሩ ድምፁን ለእሷ ከፍ እናደርጋለን። ማስታወቂያው ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከታች ያለው አናጺ ኡስታ ዚክሪ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እንጨት ስሰነጥቅ እንኳ ይሉኝታ ይይዘኛል፤ እናንተ ግን ሻምፑ ስትሸጡ ምንም አይመስላችሁም» አለኝ።

ይህን በትዕግሥት ባለፍነው ነበር። ማክሰኞ ግን ጀንበሯ ለመግሪብ ስታዘቀዝቅ ሐጃ ተምሯን በጣቶቿ ይዛ ጾም የሚያስፈታውን የከተማውን መድፍ ትጠብቅ ነበር። በዚህ መሐል የቅቤው ማስታወቂያ መጣ። መድፍ ይተኮስና የቅቤው ቆርቆሮ ክዳን ሲበር የሚያሳየውን ማለቴ ነው። እኔ ወጥ ቤት ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ስመለስ ተምሩን ውጣ ውሃ እየጠጣች አገኘኋት። ፀሐይዋ ግን ገና ከፊት ለፊታችን ካለው ግድግዳ ላይ አልወረደችም።

«ሐጃ፣ ገና ነው» አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ታዲያ የተኮሰው ማን ነው?»

«ቅቤ ነው» አልኳት።

ያን ቀን ከረመዳን በኋላ ቀዷ ጾሞ መካስ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛውንም መድፍ አለማመኗ ነው። ሰፈሩ ሾርባውን ጨርሶ ሻይ ሲያፈላ እሷ ተምሯን እንደያዘች ትቀመጣለች። ስለዚህ አለቆችህን በአክብሮት ጠይቅልን፤ ማስታወቂያውን ከድራማው እኩል ያድርጉት።

አጎትህ ወህዳን


ለንደን፣ ጃንዋሪ 11፣ 1999

ለክቡር አጎቴ ለኡስታዝ ወህዳን፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስዎ፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። የእማዬን ሁለት እጆች እስማለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ረመዳን ሊያልቅ ሲል ስለሆነ ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ ጀንበሯ ሳትወጣ የምትጠልቅ ይመስላል። የማፈጥረውም ሥራ ላይ ነው፤ አንድ እጄ ሳንቡሳ ላይ፣ አንድ እጄ መቆጣጠሪያው ላይ።

ስለ ድምፁ ያሉኝን አየሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የድምፁን ልክ የሚያሳይ መርፌ አለ። መርፌው ለድራማውም ለማስታወቂያውም እኩል ቦታ ደርሶ ይመለሳል፤ ከቀዩ መስመር አያልፍም። ስለዚህ በእኛ በኩል ጉድለት የለም። ማስታወቂያዎቹም ተዘጋጅተው ታሽገው ነው የሚመጡልን፤ የእኔ ሥራ ማሳለፍ ብቻ ነው።

ለእማዬ በመግሪብ ሰዓት ሬድዮ ቢከፍቱላት ይሻላል። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም እየለመደኝ ነው።

ልጃችሁ ሹክሪ


ደምያጥ፣ ሸዋል 20 ቀን 1419

ለልጄ ለሹክሪ፣

እንኳን ለበዓሉ አደረሰህ፤ የከርሞ ሰው ይበልህ። የበዓሉን ብስኩት በፖስታ ልኬልሃለሁ። ተሰባብሮ ከደረሰህ በማንኪያ ብላው።

ሬድዮ ከፈትንላት። «ይሄም የሚሸጠው ነገር አይጠፋውም» ብላ አስዘጋችን።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እግሯ ስላበጠ ወደ ዶክተር ነሽዋ ወሰድኳት። ኩላሊቷ ደክሟል። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ በጨዋ ቃል ግን ቁርጡን ተናገረች። «ሐጃ፣ ጾሙን የፈቀድኩልዎ በሰዓቱ ውሃ እንዲጠጡ ነው። እንዲህ የሚያዘገዩት ከሆነ በሚመጣው ረመዳን አይጾሙም» አለቻት።

ሐጃ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ ቆመችና፣ «ወህዳን፣ በወባ አልተውኩትም፤ በጦርነት ተሰደን ድንኳን ውስጥ ሳለን አልተውኩትም። አሁን በቅቤ ልተወው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አታነሳውም። 

መርፌው እኩል ነው ብለኸኛል፤ አምንሃለሁ። የሐጃም ጆሮ አይዋሽም፤ የኡስታ ዚክሪም እንደዚያው። ሁለት እውነተኛ ምስክሮች ሲጋጩ የተሳሳተው ጥያቄው ነው፤ ተማሪዎቼን ሁሉ እንዲህ ነበር የማስተምራቸው። ስለዚህ አሁን ቀንሱት አልልህም። መርፌው እኩል ሆኖ ጆሮ እኩል የማይሰማው ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል አስረዳኝ።

አጎትህ ወህዳን


ለንደን፣ ሜይ 2፣ 1999

ለክቡር አጎቴ፣

አላህ ከእናንተ ጋር ይሁን። ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም። ጥያቄዎ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ሥራ በገባሁ ቁጥር አብራኝ ትቀመጣለች።

መልሱ ይኸው። መርፌው የሚለካው የድምፁን ከፍተኛ ጫፍ ብቻ ነው። ድራማ ተራራና ሸለቆ አለው። በር በኃይል ሲዘጋ ተራራ ነው፤ ሴትየዋ ስታንሾካሹክ ሸለቆ ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩት ሰዎች ግን ሸለቆውን በሙሉ ደልድለው ከተራራው እኩል ያደርጉታል። ትንፋሹም፣ የማንኪያው ኮሽታም ጫፍ ላይ ነው። መርፌው «ከልኩ አላለፈም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጆሮ ግን የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም።

ሌላም ነገር ልንገርዎ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከፊቴ ጣት የምታህል የድምፅ ማንሸራተቻ አለች። ከእሷ ወዲያ ከራባት ከተማ እስከ መስከት ያለ ሰው ሁሉ ቤት አለ። ሰው የሚታጨበት ሳሎን፣ ሰው የሚያጣጥርበት ክፍል፣ የእማዬ ወንበር። ጣቴን ትንሽ ወደ ታች ብስብ ይህ ሁሉ ቤት በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ይህን ሳስብ ከጋለ የብረት ምጣድ ላይ እንደማነሳ እጄን አነሳለሁ።

አለቃዬን ኡስታዝ ፋዲን ጠይቄዋለሁ። ቤሩታዊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ሐቢቢ፣ ሹክ የሚል ማስታወቂያ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝና ሻይ ቀዳልኝ። ውሉ ማስታወቂያውን መንካት ይከለክላል። ባለማስታወቂያዎቹ ሥርጭታችንን የሚቀዳ ሰው አላቸው። ሙንጂ የሚባል ቱኒዚያዊ ባልደረባዬ አምና ጥቂት ዝቅ አድርጎ ነበር። ስልክ ለመደወል አልዘገዩም፤ ሙንጂ አሁን ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው።

እማዬን ምን ብዬ እንደማጽናናት አላውቅም።

ልጃችሁ ሹክሪ


ደምያጥ፣ ጁማደል አወል 20 ቀን 1420

ለልጄ ለሹክሪ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ፊትህን ያብራልህ። ማብራሪያህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚህ የጠራ መልስ ከተማሪ አግኝቼ አላውቅም። አንድ ልጅ ከክፍሉ መሐል አንድ ጊዜ ሲጮህና ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍ ሲያነብ ከፍተኛው ድምፅ እኩል ሊሆን ይችላል። ከኮሪደር ላለ ሰው ግን አንዱ ጩኸት ነው፤ ሌላው ጎርፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ስሄድ ልብ ብዬ አዳምጣለሁ። ትናንት ከገበያ ወደ ቤት ስመለስ የድራማውን ወሬ ከአንዱ መስኮት ጀምሬ ከሌላው ቀጥዬ፣ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ቤቴ ደረስኩ። ማስታወቂያው ሲገባ መንገዱ በሙሉ በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። አህያው እንኳ ቆመ። ያ ጉሮሮ ካንተ ጣት በታች መሆኑን አስቤ በጠራራ ፀሐይ በረደኝ። አላህ ለሰው ልጅ ስንቱን አሳልፎ ሰጥቶታል!

ስለዚህ ምክሬን ስማኝ። አትንካው። ሰው ከእንጀራው አይጣላም። ሐጃ እንደማትጾም ዶክተሯ ከነገረቻት እኛው እናስታምማታለን።

ይህን ስጽፍ ሐጃ አጠገቤ ተቀምጣ «እኔም የምለው አለኝ» ስላለች እንዳለችው እጽፋለሁ፦

«ልጄ ሹክሪ፣ ቀንሱ አልልም። የሚሸጥ ሰው ይጩህ፤ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ገበያ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ መግሪብ ሲቃረብ መጀመሪያ መጋዞቹ ይቆማሉ። ቀጥሎ ጋሪዎቹ። ቀጥሎ ሴቶቹ ድስቱን ትተው ይቀመጣሉ። ያኔ ወንዙ ይሰማል። ወንዙ ሲሰማ ተምሬን አነሳለሁ፤ መድፉ ከእኔ በኋላ ነው የሚመጣው። ያኔ መድፍ ጠብቄ ጾም ፈትቼ አላውቅም። እኔን ያታለለኝ ቅቤው አይደለም፤ የዚያ ዝምታ መጥፋት ነው። ዘንድሮ ጨርቅም መድኃኒትም አትላክልኝ። ከቻልክ ትንሽ ዝምታ ላክልኝ።»

ያለችውን ጻፍኩ። የእኔ ምክር ግን ያው ነው።

አጎትህ ወህዳን


ለንደን፣ ኖቬምበር 3፣ 1999

ለክቡር አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የዘንድሮውን ረመዳን የመግሪብ ሰዓት የያዘ የደምያጥ ሰሌዳ ይላኩልኝ። የካይሮው አይሆነኝም።

የእማዬን እጅ እስማለሁ።

ሹክሪ


ደምያጥ፣ ሻዕባን 8 ቀን 1420

ለልጄ ለሹክሪ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰሌዳውን ከመስጂዱ ወስጄ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እኛ ከካይሮ ጥቂት ደቂቃ እንደምንቀድም ማስታወስህ ትክክል ነው። ማተሚያ ቤቱ አንድ ቦታ ስቶ ስለነበር በእርሳስ አርሜልሃለሁ።

ለምን እንደፈለግኸው አልጠይቅህም። ዶክተር ነሽዋ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ፈቅዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሐጃን አይታ ትወስናለች።

አላህ በእጅህ ላይ እጁን ያኑር።

ወህዳን


ደምያጥ፣ ረመዳን 14 ቀን 1420

ለልጄ ለሹክሪ፣

አላህ ይውደድህ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ። በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ሐጃ እንደ አምናው ነበረች። ተምሯን ይዛ ትጠብቃለች፤ መድፉ ይተኮሳል፤ «ይሄ የማን ነው?» ትላለች። እግሯም ማበጥ ጀምሮ ነበር። ትናንት ከመግሪብ በፊት የማታውን ድራማ ይደግሙት ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ በአንተ ጣቢያ ላይ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። የቅቤው ማስታወቂያ መጣ። የማስታወቂያው መድፍ ተተኮሰ፤ የቆርቆሮው ክዳን በረረ፤ ዘፋኞቹ ስለ ቅቤው ለመዝፈን አፋቸውን ከፈቱ።

ድምፁ መስጠም ጀመረ። በድንገት አልተቆረጠም። ሰው ፋኖስ ቀስ አድርጎ እንደሚያወርድ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ከእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን ከመስኮቱ ሁሉ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ። በስክሪኑ ላይ ዘፋኞቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም።

ኡስታ ዚክሪ ከታች ካለው በረንዳ አንገቱን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ የእናንተም ሞተ?» አለኝ።

«ሞተ።»

«መብራት ግን አለ።»

«አለ» አልኩት።

 ሰዎች አንድ በአንድ ወደ በረንዳቸው ወጡ። ቀና ብለው ዲሻቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። የሚናገር ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁት ከዛፉ ላይ ድንቢጦቹን ነው። ቀጥሎ የሆነ ቤት ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ። ቀጥሎ የጀልባዎቹ ገመድ ሲጠብቅና ሲላላ። ከዚያ ከሁሉም በታች ሰፊ፣ የማይቸኩል ድምፅ መጣ። ምን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ቆየሁ። ወንዙ ነው። ልጄ፣ እዚህ ቤት ተወልጄ እዚሁ ሸምግያለሁ፤ ወንዙ ከበረንዳችን እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ስለ ድምፅ ሕግ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ፣ ዝምታ ይህን ያህል ነገር እንደተሸከመ ትናንት ተማርኩ። የበረንዳውን ብረት ያዝኩ።

ዘወር ስል ሐጃ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ተምሯን ወደ አፏ አንስታለች።

«መጣ» አለች።

መድፉ ተተኮሰ። ማንንም አላስደነገጠም፤ የሚጠበቅ እንግዳ በር እንዳንኳኳ ያህል ነበር። ሐጃ ተምሩን በላች፤ ውሃዋን እስከ ግማሽ ጠጣች። «አላልኩህም? ልጄ አይዋሸኝም» አለች። እኔ የራሴን ጾም መፍታት ረስቼ፣ አስታውሳ ብርጭቆ ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ዛሬም እንደዚያው ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ከመግሪብ ሰላት ተነስቼ ነው። አትንካው ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም። አሁን ምን ላይ ነህ? እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ወህዳን


ለንደን፣ ጃንዋሪ 20፣ 2000

ለክቡር አጎቴ፣

እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ፤ የእማዬን ሁለት እጆች እስማለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ መልስ ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም ነበር።

እንደፈራነው ስልኩ ተደወለ። ኡስታዝ ፋዲ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ፣ «ማሽኑ ነው አይደል? ማሽኑ ነው በለኝና ልሂድ» አለኝ። ሊያተርፈኝ ፈልጎ ነበር።

«እጄ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ደምያጥ መግሪብ ስለሆነ።»

 ከዚያ መታወቂያዬን ተቀብሎኝ ወደ ቤት ላከኝ። ለቀረው ረመዳን ቤቴ ተቀመጥኩ። ዝምታውም ያኔ ስለቀረባችሁ፣ እማዬ ምን ሆና ይሆን እያልኩ ሳልተኛ ይነጋብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኡስታዝ ፋዲ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የደብዳቤ ክምር ነበር። ሰው ያ ዝምታ የጣቢያው ፕሮግራም መስሎታል። ከመንሱራ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለምን አቋረጣችሁት ይላል። ከአልጀርስ አንዲት እናት፣ መግሪብ ለእኛ ገና ነበር፤ ልጄ ግን ተኛልኝ ትላለች። ከአማን አንዲት ሴት፣ ባሌ ሲያወራ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማሁት፤ ለካ ቀልደኛ ነው ብላ ጽፋለች። ኡስታዝ ፋዲ ይህን እያነበበ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

ያልጠበቅሁት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። የቅቤው ሰዎች ዝምታውን ፈልገውታል። በሚመጣው ረመዳን በየዕለቱ ከመግሪብ በፊት ምንም ድምፅ አይኖርም፤ ከስክሪኑ ግርጌ ግን «ይህን ዝምታ ያቀረበላችሁ ቅቤያችን ነው» የሚል ይጻፋል። ከተስማማሁ መታወቂያዬ ይመለስልኛል፤ ማንሸራተቻዋ ላይም የምቀመጠው እኔ ነኝ። እምቢ ካልኩ ከሙንጂ ጋር ዳቦ ቤት እገባለሁ።

ዝምታው የእማዬ ነው። እሷ ሳትፈቅድ የሰው ስም አልጽፍበትም። ይጠይቁልኝ።

ልጃችሁ ሹክሪ


ደምያጥ፣ ሸዋል 28 ቀን 1420

ለልጄ ለሹክሪ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ያላሰብከውን በር ይክፈትልህ።

በመጀመሪያ ስለ ሐጃ። ረመዳንን እስከ መጨረሻው ጾማለች። ካንተ የሚመጣው ዝምታ በቀረ ዕለት ማስታወቂያው እንደ ድሮው መንገዱን ሞላው። ኡስታ ዚክሪ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ «ቀንሱት እንጂ! ወንዙን እንስማ» አለ። አንዱ ቤት ቀነሰ፤ ቀጥሎ ያለውም ቀነሰ፤ እስከ መንገዱ ጫፍ እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ መግሪብ ሲቃረብ ሰው በገዛ እጁ ይቀንሳል። ሐጃም ተምሯን ከመድፉ በፊት ታነሳለች። ዶክተር ነሽዋ እግሯን አይታ፣ «ምን ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ?» ብላት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄህ። ደብዳቤህን ከነሰላምታው አነበብኩላት። የአማኗን ሴት ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከዚያ የቅቤውን ነገር በጥንቃቄ አስረዳኋት። ጽሑፉ የት እንደሚሆን፣ ምን እንደሚል፣ አንተም ምን ላይ እንደሆንክ ነገርኳት። እምቢ እንዳትል ፈራሁ፤ እሺ እንዳትልም ፈራሁ።

«ድምፅ ይኖረዋል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ጽሑፍ ብቻ?»

«ጽሑፍ ብቻ።»

ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች።

«ይጻፉት» አለች። «እኔ እንደሆነ አላየውም። ወንዙም ማንበብ አይችልም።»

አጎትህ ወህዳን